የማይገናኙ ሐዲዶች፦ የአዲስ አበባ ባቡር ወዴት ይራዘም?

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጠዋት ጠዋት ከማይጠፉት ጨዋታዎች አንዱ የመንገድ ነገር ነው። ጀሞ የሚኖረው ባልደረባችን ሳሪስ ያስተምራል፤ ኮዬ ፈጬ የኮንዶሚኒየም ቤት የደረሳት መምህርት ደግሞ በየቀኑ እስከ ስድስት ኪሎ ትመጣለች። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደወል ሲደወል የተማሪው አንድ ወገን ገና የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በዚህ መካከል «ባቡሩ እኛ ሰፈር ቢደርስ ኖሮ» የሚል ድምፅ አይታጣም። ይህን ምኞት ሰምተን ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን እንደ መሆናችን መጠን፣ ባቡር ወዴት ይራዘም ከማለታችን በፊት ወደዚህች ከተማ እንዴት እንደ ገባ፣ የት እንደ ቆመና ለምን እዚያ እንደ ቆመ መመርመር ይገባናል ብለን ተነሣን። (በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

እንደሚታወቀው የባቡሩ ውል የተፈረመው በ1886 ዓ.ም. ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የ99 ዓመት ፈቃድ የሰጡት ለስዊዘርላንዱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ሲሆን፣ ሥራው ከጅቡቲ በኩል የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ነበር። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ዳዋ ደረሰ። እዚህ ላይ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል። የዘመኑ ታላቅ የንግድ ከተማ ሐረር ነበረች፤ ሆኖም ባቡሩን ወደ ሐረር ተራራ ማውጣት እጅግ ውድ ስለ ሆነ መሐንዲሶቹ በቆላው በኩል ቀጠሉ። ከዚያ በፊት እዚህ ግባ በማይባል ሥፍራ ላይ ድሬ ዳዋ ተቆረቆረች፤ ነጋዴውም፣ ጉምሩኩም፣ የጥገና ፋብሪካውም ወደዚያ ወረደ። ከተማው ወደ ጣቢያው መጣ እንጂ ጣቢያው ወደ ከተማው አልሄደም ማለት ነው። ይህን ነገር አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ከድሬ ዳዋ በኋላ ገንዘብ አለቀ፣ የመንግሥታት ሽኩቻ መጣ፣ የመጀመሪያው ኩባንያም ከሰረ። ሥራው በአዲስ ኩባንያ እንደ ገና ተጀምሮ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ የፈረሙለትን ባቡር በመዲናቸው ሲገባ አላዩም። ያዩት ሌላ «ባቡር» ነበር፤ የአርመኑ ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጣውና ሕዝቡ «ሰርኪስ ባቡር» ብሎ የሰየመው መንገድ የሚደመድም የእንፋሎት ሞተር ነው። ሐዲድ ግን አልነበረውም።

ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 784 ኪሎ ሜትር፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ጣቢያው የተተከለው ከቤተ መንግሥቱና ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ በደቡብ በኩል በነበረው ሜዳ ላይ ነው። ዛሬ የምናውቀው የድንጋይ ሕንፃ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ፈረንሳዮች ጣቢያውን በቋንቋቸው «ላ ጋር» ሲሉት የከተማው ሰው «ለገሃር» አለውና ስሙ በዚያው ጸና። ጣቢያው በተተከለ ጊዜ አካባቢው የከተማው ዳር ነበር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ግን ከአራዳ ቁልቁል ወደ ጣቢያው የሚወርደው ጎዳና የከተማው ዋና መንገድ ሆነ፤ ባንኮች፣ ሆቴሎችና መሥሪያ ቤቶች በግራና በቀኝ ተሰለፉ፤ መጋዘኖችና ፋብሪካዎችም ሐዲዱን ተከትለው ወደ ቃሊቲና ወደ አቃቂ ወረዱ። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ተነሥታ ወደ ደቡብ የተዘረጋችው በሌሎች ምክንያቶችም ቢሆን፣ ከሚጎትቷት ገመዶች አንዱ ባቡር ነበር ለማለት ይቻላል።

ይህ አሮጌ ባቡር በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ወደ አዲስ አበባ መምጣቱን አቆመ። ሐዲዱ አርጅቶ፣ ድልድዩ ደክሞ፣ መለዋወጫውም ታጥቶ ነበር። ለገሃር ሕንፃው ሳይነካ ጸጥ አለ።

ከዚያም በአንድ ወቅት ሁለት ባቡሮች ባንድነት መጡ። የመጀመሪያው የከተማው ቀላል ባቡር ነው። ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ፤ ወጪው 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነበር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚደርሰው የሰሜን ደቡብ መስመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ከአያት ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የምሥራቅ ምዕራብ መስመር ደግሞ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መጨረሻ ሥራ ጀመሩ። አንደኛው 16.9፣ ሌላው 17.4 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ። ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን 2.7 ኪሎ ሜትር ሁለቱም ይጋሩታልና ጠቅላላው ሐዲድ 31.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጣቢያዎቹ 39፣ ለሥራው የመጡት ባቡሮች 41 ናቸው። ሲጀመር የጉዞው ዋጋ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበርና ለተማሪ ኪስ እንኳ የሚከብድ አልነበረም።

ሁለተኛው አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎቱም በ2010 ዓ.ም. ተጀመረ። ርዝመቱ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በኤሌክትሪክ ይሠራል። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥንድ ሐዲድ ነው፤ ማለትም አንዱ ባቡር ሲሄድ ሌላው ሲመጣ መጠባበቅ የለባቸውም። የአዲስ አበባ መንገደኛ የሚሳፈረው ግን ከለገሃር ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ከከተማው ዳር ከሚገኘው ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ነው።

አንድ ቀን ይህንኑ ለተማሪዎች ለማሳየት የከተማውን ካርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሣልን። አሮጌውን ባቡር በነጭ፣ ቀላሉን ባቡር በአረንጓዴ፣ አዲሱን የጅቡቲ መስመር በቀይ ጠመኔ አደረግነው። ከዚያ «ሦስቱ የት ይገናኛሉ?» ብለን ጠየቅን። አንዲት ተማሪ ወጥታ ነጩና አረንጓዴው የሚነካኩበትን ለገሃርን አከበበችና ቀዩን ስትፈልግ ቆየች። ቀዩ ከታች በግራ በኩል ብቻውን ነበር። «ጋሼ፣ ይህ የሌላ ከተማ ባቡር ነው እንዴ?» አለች። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ ግን መልሱን ለማግኘት ጥቂት አሰብን። የሚገናኙት ሁለቱ መሥመሮች እንዳይጠቅሙ አንደኛው ሞቷል፤ የሚኖሩት ሁለቱ ደግሞ አይገናኙም።

የፊዚክስ መምህር የሆነው ባልደረባችን ነገሩን ከመሠረቱ እንድናይ አደረገን። የሁለቱ አዳዲስ ባቡሮች የሐዲድ ስፋት አንድ ነው፤ ሁለቱም 1435 ሚሊ ሜትር። ኤሌክትሪካቸው ግን ለየቅል ነው። የከተማው ባቡር በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ የጅቡቲው ደግሞ በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይሠራል። በከተማ መካከል፣ ከሰው ራስና ከሰገነት አጠገብ፣ ከፍተኛ ቮልት መዘርጋት አስቸጋሪ ነው፤ ጣቢያዎቹም ተቀራራቢ ስለ ሆኑ ዝቅተኛው ይበቃል። በረጅም ርቀት ግን ዝቅተኛ ቮልት በመንገድ ላይ ኃይል ያባክናልና ከፍተኛው ያስፈልጋል። ሁለቱንም ኤሌክትሪክ የሚችል ባቡር መሥራት አይቻልም ማለት አይደለም። የጀርመኗ ካርልስሩኸ ከተማ ከእ.ኤ.አ. 1992 ጀምሮ በከተማ ጎዳናና በዋናው ሐዲድ ላይ ባንድ ባቡር ስታመላልስ ኖራለች፤ በፈረንሳይ ሙሉዝ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የሚሠራው ባቡር ደግሞ ልክ እንደኛ 750 እና 25,000 ቮልት ይጠቀማል። ለእኛ ግን ይህ የቅንጦት ሊሆን ይችላል። መንገደኛው ከአንዱ ወርዶ ሃያ እርምጃ ተራምዶ ሌላው ላይ ቢወጣ ምን ይጎድለዋል? የጎደለው ያች ሃያ እርምጃ ናት።

በታሪክ ይህ ችግር የእኛ ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን ለንደን ውስጥ በርካታ የባቡር ኩባንያዎች ነበሩ፤ እያንዳንዱም የራሱን ጣቢያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1846 ጉዳዩን እንዲመረምር የተቋቋመው ኮሚሽን ዋና ሐዲዶች ወደ መሐል ከተማ ዘልቀው ቤት እንዳያፈርሱ መከረ። ስለዚህ ፓዲንግተን፣ ዩስተንና ኪንግስ ክሮስ የተባሉት ጣቢያዎች በከተማው ሰሜናዊ ዳር ተደርድረው ቀሩ። መንገደኛው ከሩቅ አገር በባቡር መጥቶ የመጨረሻዋን ጥቂት ኪሎ ሜትር በፈረስ ጋሪ መጨናነቅ ውስጥ ሲጎተት ይውል ነበር። ታክሲን በፈረስ ጋሪ ከለወጥን ለቡ ላይ የሚደርሰው ሁሉ ይህ ነው።

ለንደን መፍትሔ ያገኘችው ከመሬት በታች ነበር። እ.ኤ.አ. ጥር 10 ቀን 1863 ከፓዲንግተን እስከ ፋሪንግዶን፣ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል፣ በዓለም የመጀመሪያው የመሬት ውስጥ ባቡር ተከፈተ። በዚያን ዕለት ወደ 38,000 ሰው ተሳፈረ። ለዚህ ሐሳብ ለብዙ ዓመታት የታገለው ቻርልስ ፒርሰን የሚባል የሕግ ሰው ሲሆን፣ ድሀው ሠራተኛ ከተጨናነቀው ሰፈር ወጥቶ ንጹሕ አየር ባለበት እየኖረ በርካሽ ባቡር ወደ ሥራው ይመላለስ የሚል ዓላማ ነበረው። እርሱም እንደ ምኒልክ የደከመበትን ሳያይ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ሞተ። ደግሞም ሐቁን መደበቅ አይገባም፤ ለዚሁ መስመር ሲቆፈር ቤታቸው የፈረሰባቸው ድሆች ብዙ ነበሩ። ልብ ልንለው የሚገባው ግን ያ ዝነኛ ባቡር አዲስ ሰፈር ለመክፈት የተሠራ ሳይሆን ያሉትን ጣቢያዎች እርስ በርሳቸውና ከመሐል ከተማ ጋር ለማገናኘት የተሠራ መሆኑ ነው።

ከሩቅ መሄድም አያስፈልግም፤ ናይሮቢ አጠገባችን አለች። ናይሮቢ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ሐዲዱ ሲደርስ የሠራተኞች ሰፈር ሆና ተመሠረተች። እ.ኤ.አ. በ2017 ከሞምባሳ የሚመጣው አዲሱ ባቡር ሲከፈት የናይሮቢ ጣቢያው እንደ እኛው ከከተማው ወጣ ብሎ በስዮኪማው ተሠራ። ስፋቱ ከአሮጌው ስለሚለይ በአሮጌው ሐዲድ ወደ መሐል ሊገባ አይችልም። ኬንያውያን ግን አሮጌውን የአንድ ሜትር ሐዲድ አልጣሉትም ነበር። በዚያው ሐዲድ ላይ ከመሐል ጣቢያ እስከ አዲሱ ጣቢያ የሚያመላልስ ባቡር አቆሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከስፔን ያገለገሉ የናፍጣ ባቡሮች ገዝተው ሥራውን አጠናከሩ። ያገለገለ ባቡር፣ የመቶ ዓመት ሐዲድ ነው፤ የሚያስመካ ነገር የለውም። ከሞምባሳ የመጣው መንገደኛ ግን ሻንጣውን ይዞ ከአንዱ ባቡር ወደ ሌላው ይሻገራል። በለገሃርና በአቃቂ መካከል የነበረውን አሮጌ ሐዲድ ስናስብ ይህ ነገር ይቆጨናል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ቀላሉ ባቡር በአራቱም አቅጣጫ ሊራዘም እንደሚችል ሲነገር ቆይቷል። በሰሜን ከምኒልክ አደባባይ ወደ ሽሮ ሜዳ፣ በምሥራቅ ከአያት ወደ ለገጣፎ፣ በደቡብ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ፣ በምዕራብ ከጦር ኃይሎች በአየር ጤናና በጀሞ በኩል ወደ ለቡ።

ሽሮ ሜዳ ሲባል ልባችን ይሞቃል፤ ዩኒቨርሲቲው በዚያ በኩል ነው፣ ተማሪውም ብዙ ነው። ነገር ግን መንገዱ የእንጦጦ ዳገት ነው። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሄድ ሰበቃው ትንሽ ነው፤ ኃይል የሚቆጥበውም፣ ዳገት የሚፈራውም በዚሁ አንድ ምክንያት ነው። አውቶቡስ በቀላሉ የሚወጣው ዳገት ለባቡር ዋሻና ድልድይ ይጠይቃል። ለዚህ ወገን ጥሩ አውቶቡስ ቢመደብለት የሚሻል ይመስለናል። የለገጣፎው ሜዳማ ነው፣ ሕዝቡም በርክቷል፤ ሊሠራ ይችላል። ሆኖም ሁለቱም መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ስለሚጋሩ፣ ዳርና ዳሩን ባስረዘምን ቁጥር መሐሉ ይጣበባል። ተማሪዎች ይህን በሒሳብ ሊሠሩት ይችላሉ፦ በእያንዳንዱ መስመር በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢሄድ፣ በጋራው ክፍል ላይ በየ3 ደቂቃው አንድ ያልፋል። በየ4 ደቂቃው ቢሆንስ? አንዱ ባቡር ሜክሲኮ ላይ ቢበላሽስ ስንቱ ይቆማል?

ስለዚህ እኛ የምናስቀድመው ምዕራቡን ነው። ከጦር ኃይሎች ወደ ለቡ የሚወርድ መስመር በመንገዱ አየር ጤናንና ጀሞን ያገኛል፤ እነዚህም የኮንዶሚኒየምና የሠራተኛ ሰፈሮች ናቸው። ከሁሉም በላይ ግን አረንጓዴውን ከቀዩ ጋር ያገናኛል። ያን ጊዜ የከተማው ባቡር 31.6 ኪሎ ሜትር ብቻ መሆኑ ይቀራል። ከለቡ በስተምዕራብ ሰበታ፣ በስተምሥራቅ ኢንዶዴ፣ ቢሾፍቱ፣ ሞጆ፣ አዳማ በአንድ ጥንድ ሐዲድ ላይ ተደርድረዋል፤ ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ሽቦው ተዘርግቷል፣ ዕዳውም እየተከፈለ ነው። በዚህ ሐዲድ ላይ በዋናነት የሚመላለሰው ጭነት ነው። ጠዋትና ማታ ለሠራተኛና ለተማሪ የሚሆኑ አጫጭር ባቡሮች ቢጨመሩበት፣ አዲስ ሐዲድ ሳይነጠፍ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የዙሪያ ከተማ ባቡር ይገኛል። ጣቢያዎቹ ከየከተሞቹ መሐል ወጣ ያሉ መሆናቸው እውነት ነው፤ ስለዚህ በየጣቢያው ደጅ አውቶቡስ መቆም አለበት፤ በመካከልም ተጨማሪ ማቆሚያዎች ያስፈልጋሉ። ይህ ሁሉ ወጪ አለው፤ ከአዲስ መስመር ጋር ሲነጻጸር ግን ትንሽ ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቻችን በዚህ አይስማሙም። «ድሬ ዳዋን እዩ» ይላሉ፤ «ጣቢያው ከከተማው ቢርቅ ከተማው ወደ ጣቢያው ይመጣል፤ ለገሃርም ዳር ነበር፤ ለቡም በጊዜው መሐል ይሆናል፤ ታገሡ።» ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ የተነሣውም ከራሳችን ትምህርት ነው። ነገር ግን ለድሬ ዳዋና ለለገሃር ጊዜ ባቡር ብቸኛው ፈጣን መጓጓዣ ነበር። መኪናው ጥቂት፣ መንገዱም ጭቃ ስለ ነበረ ሰው ወደ ባቡሩ ሳይወድ በግድ ይመጣል። ዛሬ ግን ጣቢያው ካልተመቸው በሚኒባስ ወደ አዳማ ይሄዳል፤ ጣቢያውንም ይረሳዋል። ከተማው ወደ ለቡ እያደገ መሆኑን እናያለን፤ የሚያድገው ግን በአስፋልቱ እንጂ በባቡሩ አይደለም።

ስለ ማራዘም ስንናገር ልንደብቀው የማይገባ ሌላ ነገር አለ። ከመጡት 41 ባቡሮች አሥር ዓመት ሳይሞላቸው አብዛኞቹ በመለዋወጫና በውጭ ምንዛሪ እጥረት ከሥራ ወጥተው ቆመው ነበር። ባቡሮቹ ሲያንሱ ጣቢያ ላይ የሚጠበቀው ጊዜ ረዘመ፤ የገቡትም እንደ ሰርዲን ታጭቀው የሚሄዱ ሆኑ። በመንገድ መካከል በአጥር የተከለለው ሐዲድ እግረኛውን ለመሻገር ሩቅ እንዲዞር ማድረጉም አልቀረም። አንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ከመጨመር አስቀድሞ የቆሙትን ባቡሮች ማንቀሳቀስ ይቀድማል፤ ሰው የሚጠቀመው በሐዲዱ ርዝመት ሳይሆን በባቡሩ መምጣት ነውና። አሮጌውንም የምድር ባቡር የገደለው ይኸው ነበር፤ ሐዲዱ አጥሮ አይደለም የቆመው። በድሬ ዳዋ የጥገና ፋብሪካ ለብዙ ትውልድ ሲሠሩ የኖሩ መካኒኮች ክፍሎቹን ራሳቸው እየቀረጹ ባቡሩን ያቆዩ እንደ ነበር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህን ዓይነት ሙያ በቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችን ማስተማር የማራዘሙ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

ጥቁር ሰሌዳው ላይ የነበረውን ካርታ አላጠፋነውም። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ በሰማያዊ ጠመኔ የየራሳቸውን መስመር እንዲጨምሩ ፈቀድንላቸው፤ አንድ ደንብ ብቻ ሰጠናቸው፦ እያንዳንዱ አዲስ መስመር ቢያንስ ሁለት ያሉ ጣቢያዎችን ማገናኘት አለበት። አንዱ ከቃሊቲ ወደ ኢንዶዴ አሠመረ። ሌላው በአሮጌው ነጭ መስመር ላይ ከለገሃር እስከ አቃቂ ሰማያዊ ደረበበት፤ ቤት ተሠርቶበታል ሲባል «ያልተሠራበት የቱ ጋ ነው?» ብሎ ተከራከረ። ጀሞ የምትኖረው ልጅ ግን ሌላውን ሁሉ ትታ ከጦር ኃይሎች ቁልቁል ወደ ለቡ አንዲት መስመር ብቻ ሣለችና በመካከሏ የሰፈሯን ስም ጽፋ ተቀመጠች።